ለምጽ የያዘው ኩል

ዘርፈሽ ስትናደድ የሚቀላው ጆሮዋ ነው። ሞጣ ውስጥ ኬሚስትሪ የምታስተምራቸው ልጆች ይህን ስለሚያውቁ፣ ገና ጆሮዋን ሲያዩ አፋቸውን ይሰበስባሉ። ያን ዓርብ ጠዋት በሚኒባስ ወደ ብቸና ስትሄድ ግን ጆሮዋ ብቻ አይደለም፣ አንገቷም ፍም መስሎ ነበር። ለምን አይመስል! እሑድ የምትዳረውን ታናሽ እህቷን፣ አገሬን፣ "ዘሯ ለምጽ አለበት፣ አንፈልጋትም" ሊሉ ነው የሙሽራው ወገኖች። ያውም በምን ማስረጃ? በድንጋይ!

አጠገቧ የተቀመጡ ሴትዮ ፊቷን ሲያዩ ቆይተው፣ "ልጄ፣ ሰው ሞቶብሽ ነው?" አሏት።

"የለም እናቴ፣ ልገድል እየሄድኩ ነው።"

ሴትዮዋ አማተቡና ግንደወይን እስኪደርሱ ወደ መስኮቱ ዞረው ቀሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታቸው ጥሩአየሁ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከእናቷ የወረሰችው አንድ የኩል ድንጋይ ነበራት፤ መዳፍ የሚሞላ፣ ግራጫ፣ ብርሃን ሲያገኘው እንደ ተሳለ ቢላ የሚያብለጨልጭ። በእነሱ ቤት ሴት ልጅ ስትዳር ከዚያ ድንጋይ ተፍቆ ነው የምትኳለው። ዘርፈሽም ስትዳር ከእሱ ተኩላለች። ከሠርጉ በፊት ደግሞ የወንዱ ወገን ሴቶች ይመጣሉ፣ ሙዳዩ ይከፈታል፣ ድንጋዩ ይታያል፣ እልል ይባላል፣ ይበላል ይጠጣል። ወጉ ይኸው ነው። ሐሙስ ዕለት የሙሽራው አክስት ሀብትነሽ መጡና የሙዳዩን ክዳን አነሱ። ድንጋዩ ነጭ ሆኖ ጠበቃቸው።

"ኧረ ለምጽ! ድንጋዩ ለምጽ ይዞታል!" ብለው ክዳኑን ጥለው ወጡ። ድንጋይም ግድግዳም ለምጽ ይይዘዋል ብለው ካህናት ሲያስተምሩ ሰምቻለሁ አሉ። ከዚያማ ማን ይመልሳቸው! ድንጋዩ ከእናት ወደ ልጅ ይሄዳል፣ ደምም ከእናት ወደ ልጅ ይሄዳል፤ እንግዲህ ድንጋዩ እንዲህ ከሆነ ደሙ ምን ሊሆን ነው? ሲመሽ ብቸና ውስጥ ይህን ወሬ ያልሰማ ካለ ገና ያልተወለደ ነው። እንዲህ ያለ ስም ደግሞ አንዴ ከወጣ በሳሙና አይለቅም። አገሬን የሚያገባት አይገኝም፣ ሞጣ ያለችው የዘርፈሽ ትንሽ ልጅም ስታድግ የሚጠብቃት ይኸው ነው። አባታቸው ይህን ሁሉ በስልክ የነገሯት እያለቀሱ ነው። አባቷ ሲያለቅሱ ሰምታ አታውቅም።

መንገዱን ሙሉ ስትብሰለሰል ሄደች። አገሬ ክረምቱን እየደወለች፣ "እታለም፣ አንቺ ዘንድ ልምጣ?" ትላት ነበር። "ምን ሆነሽ?" ስትላት፣ "እንዲያው፣ ልምጣ?" ዘርፈሽም የፈተና ወረቀት እያረመች፣ "ሙሽራ ሁሉ ሆዱ ይባባል፤ ከሠርጉ በኋላ ትመጫለሽ" ብላ ትዘጋዋለች። እንግዲህ ያቺ ሆዷ የባባ ልጅ ናት አሁን ለምጻም የተባለችው። ዘርፈሽ ጥርሷን ነከሰች።

ግቢው ስትደርስ ዳሱ ግማሹ ቆሞ ግማሹ ቀርቷል። ትናንት እንጨት ሲተክሉ የነበሩት ጎረምሶች አንድ ጉድጓድ ቆፍረው ሳይሞሉት ሄደዋል። አባታቸው አቶ ፈረደ ደጃፉ ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው ያንን ጉድጓድ ያያሉ።

"መጣሽ ልጄ" አሉ። "ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ። መርጌታ ወልደ ኪዳንን ይዘው ነው የሚመጡት። አፍርሰናል ሊሉ ነው።"

መርጌታ የሙሽራው አጎት ናቸው፣ የቅኔ መምህር። እሳቸው አንድ ነገር ካሉ በዚያ አገር ተብሏል ማለት ነው።

"ይምጡ!" አለች ዘርፈሽ። "ይምጡና ይስሙኛል። አባዬ፣ ለመሆኑ እርስዎ ዝም አሏቸው? እማዬን እኮ ነው የሰደቧት! አፈር የለበሰችን ሴት!"

"ምን ልበል? ድንጋዩ ነጭ ነው። አይቼዋለሁ።"

አገሬ ጓዳ ውስጥ የገብስ ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። ነጩ የሠርግ ልብስ ከራስጌዋ ተሰቅሏል። እህቷን ስታይ ተነሥታ ሳመቻት፣ ግን ዓይኗን አላነሣችም። አንድ እጇን በነጠላዋ ጠቅልላለች።

"አይዞሽ የኔ እመቤት" አለቻት ዘርፈሽ። "እኔ አለሁ። አፋቸውን አስይዝልሻለሁ።"

"እታለም፣ ተይው።"

"ምኑን ነው የምተወው?"

"እንዲሁ ተይው። ይሂዱ።"

"ለምጻም ብለውሽ ይሂዱ? እኔ በሕይወት እያለሁ? ሙዳዩን አምጪልኝ!"

ዘርፈሽ የተማረችው የድንጋይን ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ ጨርሳ ማስተማር ከገባች ወዲህ ስለ ድንጋይ የሚጠይቃት ሰው ስለሌለ፣ ሙያዋ እንዳልተለበሰ ልብስ ተጣጥፎ ተቀምጦባታል። ድንጋዩን ይዛ ወደ ፀሐይ ወጣች። ሙዳዩን ስትከፍት መጀመሪያ ያገኛት ሽታው ነው፤ የክብሪት ሽታ፣ የድኝ ሽታ። ከቦርሳዋ ማጉያ መነጽሯን አወጣች። የድንጋዩ ላይኛው ፊት ነጭ ሆኗል፣ ነጩም ላይ እንደ ጥጥ ክር የቀጠኑ መርፌዎች ተጠላልፈው ያበራሉ። በጥፍሯ ጫረችው፤ እንቢ አለ። በሳንቲም ጫረችው፤ ተጫረ። ገለበጠችው። ሥሩ ያው ድሮ የምታውቀው ግራጫ ነው። ጠርዙን ስታየው ግን ያ ስለታም ጠርዝ ዶልዱሟል፣ ፈስሶ የረጋ ነገር ሆኗል።

"እሳት!" አለች ጮክ ብላ። "እሳት ነው! ሰው ነው ያቃጠለው!"

ጆሮዋ እንደገና ነደደ። ማን እንደሆነማ ግልጽ ነው! ሀብትነሽ ሙሽራውን፣ ስጦታውን፣ ለክርስትና ልጃቸው ባልነት ሲመኙት እንደነበር አገር ያውቃል። ወጉንም፣ ሙዳዩ የት እንደሚቀመጥም የሚያውቁ እሳቸው ናቸው። "ቆይ አንቺ አሮጊት" አለች በልቧ። ከዚያ ልጅ ልካ ከጎረቤት ከሰል አስመጣችና ማንደጃውን ደጅ ላይ አያያዘች።

ከሰዓት በኋላ መጡ። መርጌታ ወልደ ኪዳን ነጭ ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሀብትነሽ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ድረስ ስበው ከበሩ ራቅ አሉ፣ በሽታው እንዳይዛቸው መሆኑ ነው። ሙሽራው ስጦታው ከኋላ ቆሞ ስልኩን ያያል። ጎረቤቱ ሁሉ አጥሩ ላይ ተደርድሯል።

መርጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አቶ ፈረደ፣ መቼም በመካከላችን ክፉ ነገር..."

"መርጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና" አለች ዘርፈሽ ብድግ ብላ፣ "ከመፍረዱ በፊት ይዩ። ነፋሱ በጀርባዎ በኩል ይሁን፣ ጭሱ መርዝ ነው።"

"ሴት ልጅ ሽማግሌ ታቋርጣለች?" አሉ ሀብትነሽ።

"አዎ፣ ታቋርጣለች! እርስዎ የሞተች ሴት ከሰደቡ እኔ ሽማግሌ ባቋርጥ ምን ይደንቃል?"

አባቷ "ኧረ ተይ" አሉ። መርጌታ ግን እጃቸውን አነሡና፣ "ተዋት፣ ታሳየን" አሉ።

ዘርፈሽ ከድንጋዩ ሥር፣ ከግራጫው በኩል፣ ትንሽ ፍንካች በቢላ አነሣች። ለሁሉም አሳየች፤ ግራጫ ነው፣ ያብረቀርቃል። ከዚያ በጉጠት ይዛ ፍሙ ላይ አስቀመጠችውና በወረቀት አራገበችው። ፍንካቹ ብዙም ሳይቆይ ቀለጠና እንደ ዘይት ጠብታ ተድቦለቦለ። ነጭ ጭስ አወጣ። ጭሱ ዞሮ ከሰሉ ላይ ሲያርፍ፣ በፍሙ ዙሪያ አመዳይ የመሰለ ነጭ ነገር ተጋገረ። የድኝ ሽታ ግቢውን ሞላው። አጥሩ ላይ ያሉት "ውይ! ውይ!" ተባባሉ።

"ይኸውላችሁ ለምጻችሁ!" አለች ዘርፈሽ። "አሁን ፍሙም ለምጽ ያዘው? ማንደጃውም ዘሩ ይጠና? ኩል ማለት አንቲሞኒ የሚባል ብረት ከድኝ ጋር ተጣብቆ ነው። እሳት ሲነካው ድኙ በጭስ ይሄዳል፣ አንቲሞኒው ደግሞ ከአየሩ ኦክስጅን ይይዝና ነጭ ይሆናል። ብረት ሲዝግ ይቀላል አይደል? የዚህ ዝገቱ ነጭ ነው። በቃ! በዚህ ነው ሰው ለምጻም የሚባለው?"

መርጌታ ወደፊት ተጠጉ። "ይህ ነጩ ነገር ስም አለው?"

ጥያቄው ዘርፈሽን ከቁጣዋ ትንሽ መለሳት። ስለ ድንጋይ ስም የሚጠይቃት ሰው ካገኘች ዘመን አልፏል።

"መርጌታ፣ አንድ ቃል ሆኖ ሁለት ፍቺ ሲኖረው በቅኔ ምን ይሉታል?"

"ኅብር ነዋ።"

"ይሄም ኅብር ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ ሁለት አንቲሞኒ በሦስት ኦክስጅን። አካሉ ግን ሁለት ይወጣዋል። አንዱ ስምንት ገጽ ያለው ፍሬ ይሆናል፣ ሴናርሞንታይት እንለዋለን። ሌላው እንደ መርፌ ይቀጥናል፣ እሱን ቫለንቲናይት እንለዋለን። ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም ለስላሳ፣ ሁለቱም ለመጠናቸው ከባድ። የተሠሩበት ነገር አንድ ሆኖ የሚለያዩት በአሰላለፋቸው ነው።"

መርጌታ ማጉያውን ተቀበሏትና ድንጋዩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ወዲህ ወዲያ አገላበጡት። "መርፌ ነው" አሉ።

"መርፌ ነው።"

"እንግዲያ ሁለተኛው ነው በይኛ፣ ቫለን... ምን ነበር ያልሽው?"

"አልልም።"

"ኧረ ለምን?"

"ማዕድን ለመባል ተፈጥሮ ራሷ ልትሠራው ይገባል። መሬት ውስጥ ሆኖ አየርና ውሃ ዘመኑን ሙሉ ሲያገኘው ቢነጣ፣ ያን ጊዜ በስሙ እጠራው ነበር። ይሄ ግን ጠርዙን ይዩት፣ እንደ ሰም ቀልጧል። ሙዳዩን ያሽትቱት። ይሄ የማዕድን ስም የለውም መርጌታ። ይሄን የሠራው የሰው እጅ ነው።"

"የማን እጅ?"

እሷም ይህን ነበር የምትጠብቀው። ጣቷን ቀስራ፣ "የእሳቸው!" አለች። "ስጦታውን ለክርስትና ልጃቸው ፈልገውት ነበር፤ ሲከለከሉ እህቴን በዘሯ ሊገድሏት መጡ!"

ሀብትነሽ ነጠላቸው ከአፍንጫቸው ወደቀ። "እኔ? ሰማይ ይደፋብኝ! እኔ ድንጋይ ስጠብስ የማድር ጠንቋይ ነኝ? ከዚህ ግቢ እግሬ የገባው ሐሙስ ነው፣ ያውም ሙዳዩ ተዘጋጅቶ ሲጠብቀኝ! አንቺ ባለጌ! እናትሽ ብትሰማሽ!"

"እናቴን በአፍዎ አያንሷት!"

"በቁርባኔ ይሁንብኝ!" አሉ ሀብትነሽ፣ እንባቸውም መጣ። የአሮጊት እንባ መሆኑን ዘርፈሽ አየች፣ ግን አላመነችም። ማመን አልፈለገችም፤ ደስ ብሏታል። እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም።

መርጌታ በመቋሚያቸው መሬቱን መቱ። "ይብቃ! የእጁን ነገር እግዚአብሔር ያወጣዋል። ለምጽ አለመሆኑን ግን እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። በዚህ ቤት ላይ የተነገረው ሁሉ ሐሰት ነው፤ ነገ በቤተ ክርስቲያን ደጅ እኔው እናገራለሁ። ሠርጉም እሑድ ነው።"

እልልታው ከአጥሩ ተነሣ። አቶ ፈረደ የልጃቸውን ራስ ይዘው ሳሙት። ጎረምሶቹ ሳይጠሩ ተመልሰው ያንን ጉድጓድ በእንጨት ሞሉት። ዘርፈሽ እየሳቀች ለእህቷ ልትነግራት ወደ ጓዳ ሮጠች።

አገሬ እዚያው ጆንያው ላይ ናት።

"ሰማሽ? ሰማሽ አይደል?"

"ሰማሁ። ጎሽ እታለም። እንግዲህ ዳሪኝ።"

"ምን?"

አገሬ የተጠቀለለውን እጇን ከነጠላዋ አወጣች። የሌባ ጣቷና የአውራ ጣቷ ጫፍ ውሃ ቋጥሯል።

"ድንጋዩን ያኖርኩበት ገል ጋለብኝ" አለች። "ከፍሙ ሳወጣው።"

ዘርፈሽ ጣቱን እያየች ቆመች። ውጭ እልል ይላሉ። ቀስ እያለ አንድ ነገር ትዝ አላት፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለች ለእረፍት መጥታ፣ ከዚህችው ድንጋይ ቅንጣት ፍቃ ለዚህችው ልጅ ፍም ላይ አሳይታታለች። አገሬ ያን ጊዜ ትንሽ ነበረች። "እታለም፣ አበባ አወጣ!" ብላ አጨብጭባ ነበር።

"አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ" አለች አገሬ። "ገደ ቢስ ነው ብለው ዝም ብለው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። ለምጽ ይላሉ ብዬ መች አሰብኩ? ሲሉም ደግሞ፣ ይበሉ አልኩ። ይሂዱልኝ እንጂ ይበሉ አልኩ።"

"ስጦታውን አትፈልጊውም?"

"አልፈልገውም።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽም? ለአባዬ..."

"ነገርኳቸው። 'ምን ጎደለው? የራሱ መኪና አለው' አሉኝ። ደግሜ ብነግራቸው ያንኑ አሉኝ።"

"ለእኔስ? ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም!" ዘርፈሽ ጮኸችባት። የምትጮኸው በማን ላይ እንደሆነ ጠፍቶባታል።

"ነገርኩሽ! ክረምቱን ሙሉ ነገርኩሽ!"

"ልምጣ አልሽ እንጂ መች..."

"'ልምጣ' ማለት ምንድን ነው እታለም?" አገሬ ተነሣች፣ ድምጿ ተሰነጠቀ። "ሰው ሠርጉ ሲቃረብ 'ልምጣ፣ ልምጣ' ሲል ምን ማለቱ ነው? ውጭ ቆመሽ አንድ ቃል ሁለት ፍቺ አለው ብለሽ መርጌታን ታስደምሚያለሽ። የእኔን አንዱን መስማት አቃተሽ?"

የዘርፈሽ ቁጣ ሁሉ እዚያው ነበረ፣ ግን የሚወድቅበት ሰው አጣ። ለሀብትነሽ ብላ ያጠራቀመችው፣ በአባቷም በመርጌታም ላይ የነበራት፣ ሁሉም ዞሮ በራሷ ላይ ወደቀ። እንዲህ አድርጎ አቃጥሏት አያውቅም። ያንን የተሰቀለ ነጭ ልብስ አየችው። ከዚያ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወጣች።

ደጅ ጠላ እየተቀዳ ነው። ሀብትነሽ ብቻቸውን ግንብ ጥግ ተቀምጠው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ዘርፈሽ ሄደች፣ ሰው ሁሉ እያየ ጉልበታቸው ላይ ተደፋች።

"ይቅር ይበሉኝ እማማ። እርስዎ አይደሉም።"

ጫጫታው ቀስ በቀስ ቆመ። መርጌታ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። "ታዲያ የማን እጅ ነው?"

"ማቃጠል ያስተማርኩ እኔ ነኝ" አለች ዘርፈሽ ቀና ብላ። "ድንጋዩ ጤነኛ ነው፣ ደማችንም ጤነኛ ነው። ሠርግ ግን የለም።"

"ምን አልሽ?" አሉ አቶ ፈረደ። ዋንጫው ከእጃቸው ወደቀ። "ምን አልሽ አንቺ?"

"አታገባውም አባዬ። አትፈልገውም። ጣቷን እስክታቃጥል ድረስ አትፈልገውም!"

አገሬ ደጃፉ ላይ ወጥታ ቆመች። እጇን አልጠቀለለችውም። አጥሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ስጦታውም ለመጀመሪያ ጊዜ ከስልኩ ላይ ዓይኑን አነሣ።

"እሷን ደግሞ ማን ጠየቃት?" አሉ ሀብትነሽ፣ ገና እንባቸው ሳይደርቅ።

"ማንም" አለች አገሬ።

ከዚያ የሆነውን መዘርዘር አያስፈልግም። ተጮኸ፣ ተሰደበ፣ ተረገመ። ሀብትነሽ ይቅር አላሉም፣ አይፈረድባቸውም። መርጌታ ግን ሲወጡ ዳሱ ሥር ቆም ብለው፣ "ለምጽ አለመሆኑን እንዳልኩት ነገ እናገራለሁ፣ እሱ አይቀርም" አሉና ሄዱ። አቶ ፈረደ ከሁለቱም ልጆቻቸው ጋር አልተነጋገሩም። ጎረምሶቹ የተከሉትን እንጨት መልሰው ሲነቅሉ ዱካው ላይ ተቀምጠው አዩዋቸው።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለቱ እህትማማቾች መናኸሪያ ነበሩ። ድንጋዩን ዘርፈሽ በጨርቅ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከታለች፤ ከእንግዲህ የማንም ዓይን ውስጥ አይገባም። አገሬ አንድ ሻንጣ ይዛለች፣ ጣቷ በፋሻ ታስሯል። ረዳቱ "ሞጣ! ሞጣ! የሞላ!" እያለ ይጮኻል። ዘርፈሽ እንደ ልማዷ አስቀድማ ገብታ እህቷን ወደ ውስጥ ልትስባት እጇን ዘረጋች፣ ከዚያ መለሰችው።

"አገሬ፣ በመስኮት በኩል ትቀመጫለሽ ወይስ በዚህ?"

አገሬ አንዱን ወንበር አይታ ሌላውን አየች። ረዳቱ "ቶሎ በሉ እንጂ!" አለ። ዘርፈሽ ጆሮዋ ቀላ።

"ዝም በል!" አለችው። "ጠይቄያት ነው።"

በሩም ላይ ቆማ መልሱን ጠበቀች።